የብርዕ ፈተና፤ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ሠዓሊ የየዕለት ሙከራና ስለ ሥዕል ዕቃዎቹ

በብዙ የግዕዝ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ከመጽሐፉ ነገር ጋር ግንኙነት የሌላቸው ጥቂት ፊደሎች፥ አጫጭር ጭረቶችና ያልተፈጸሙ የሐረግ ጅምሮች ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜም በአጠገባቸው የብርዕ ፈተና መሆናቸውን የሚያስታውቅ አጭር የግዕዝ ቃል ተጽፎ ይታያል። የሥራው ሰው ብርዑን በአዲስ ሲቀርጽ፥ ወይም ቀለሙን በአዲስ ሲበጠብጥ፥ ወደ ዋናው ገጽ ከመግባቱ በፊት እጁንና ዕቃውን የሚመረምረው በዚህ ስፍራ ነበር። የመጻሕፍት ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ምልክት በአንድ መሥመር ጠቅሰው ያልፉታል። ይሁን እንጂ የሥዕልን ታሪክ ከዕቃው በኩል ለሚመረምር ሰው እነዚህ ጭረቶች ታላቅ ምስክሮች ናቸው፤ በተፈጸመው ገጽ ላይ የማይታየው የየዕለቱ ድካም በእነርሱ ላይ ይታያልና።

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል እስከ ዛሬ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚመለከተው የሥዕሉን ሃይማኖታዊ ትርጉም፥ የቅዱሳኑን አሣሣልና የየዘመኑን ስልት ነው። ሠዓሊው ስለሚሠራበት ቆዳ፥ ስለሚበጠብጠው ቀለምና ስለሚጨምረው ሙጫ የተጻፈው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሠዓሊው የቀድሞውን አርአያ እየተከተለ ከመገልበጥ በቀር በራሱ ምንም የማይሞክር ሰው ነው የሚል አስተሳሰብ በቀላሉ ያድራል። የዕቃው ምርመራ የሚያሳየው ሌላ ነው። የሥዕሉ አርአያ በልማድ የጸና ቢሆንም፥ ያንን አርአያ በቆዳ፥ በእንጨትና በጨርቅ ላይ ለማሳደር የማያቋርጥ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። ይህም ዕውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ስለሆነ፥ ሳይመዘገብ ባለቤቱ ባለፈ ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

ስለ ብራናው

የመጽሐፍ ሥዕል መነሻው ቆዳው ነው። ለብራና ይበልጡን የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ሲሆን፥ የበግና የጥጃ ቆዳም ይሠራበታል። ቆዳው በውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ጠርዙ ዙሪያውን እየተበሳ ከእንጨት መወጠሪያ ጋር በገመድ ይታሰራል። ከዚያ በሥጋው በኩል የቀረው ስብና ሥጋ በቢላዋ ይፋቃል፤ ቀጥሎም በሻካራ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ጠጉሩ የሚነሣው እንደ መጥረቢያ ባለ ጠማማ ስለት ነው። በአውሮፓ የብራና አሠራር ቆዳው አስቀድሞ በኖራ ውኃ ይነከራል፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ኖራ አይገባበትም። ስለዚህ የብራናው ጥራት የሚመሠረተው በፋቂው እጅ ልክ፥ በመወጠሪያው ክረትና በውኃው መጠን ላይ ነው።

ቆዳ የሚያለፋ ሰው በብዙ አካባቢ ይናቅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ብራና ማዘጋጀት ግን ብዙ ጊዜ የራሱ የጸሐፊው ሥራ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ተያይዞ ይታያል። እንዲህም በመሆኑ ጸሐፊው ወይም ሠዓሊው የሚሠራበትን ቆዳ ከመነሻው ያውቀዋል፤ የትኛው ጠርዝ እንደሳሳ፥ የትኛው ስፍራ በቢላዋ እንደ ተነካ፥ የትኛው ገጽ ቀለም እንደሚጠጣ አስቀድሞ ያስተውላል።

ብራና ሁለት ፊት አለው። በጠጉሩ በኩል ያለው ፊት ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፥ የጠጉሩ ሥር ነጠብጣብም ይታይበታል፤ በሥጋው በኩል ያለው ግን ነጣ ይላል። ቀለም በሁለቱ ላይ እኩል አይቀመጥም። ከዚህም ሌላ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል። በላዩ የተቀባው ቀለም ሙጫ ከበዛበት ወይም ከወፈረ፥ ከቆዳው ጋር መለጠጥና መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፥ በኋላም ይረግፋል። ሙጫው ካነሰ ደግሞ ቀለሙ እንደ አቧራ ይጠረጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልክ በቃል የሚነገር መስፈሪያ የለውም። የቆዳው ዓይነት፥ የአየሩ ጠባይና የቀለሙ መሬት በተለወጠ ቁጥር ልኩም ስለሚለወጥ፥ ሠዓሊው በየጊዜው መሞከር ግዴታው ነው።

ይህ ሙከራ ምን ያህል እንደ ተሳካ የሚያስረዳው በአድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ናቸው። ብራናቸው በራዲዮካርቦን በተመረመረ ጊዜ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል ባለው ዘመን የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል፤ ሥዕሎቻቸውም እስከ ዛሬ ቀለማቸውን ይዘው ይታያሉ።

ስለ ጥቁሩና ስለ ቀዩ ቀለም

የጥቁሩ ቀለም መሠረት ጥላሸት ነው። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፥ ተቃጥሎ ከተፈጨ እህልና እንደየአገሩ ልማድ ከልዩ ልዩ ቅጠሎች ጋር በውኃ ይበጠበጣል። ድብልቁ ወዲያው አይጻፍበትም፤ እየተማሰለ ለብዙ ወራት እንዲብላላ ይተዋል። ማያያዣው ሙጫ ነው። ከደረሰ በኋላ የደረቀው ቀለም በሚያስፈልግ ጊዜ በውኃ እየረጠበ ይሠራበታል። አዘገጃጀቱ ከመምህር መምህር ስለሚለያይ፥ አንድ ብቻ የሆነ የኢትዮጵያ ቀለም አሠራር አለ ማለት አይቻልም። ይህ ልዩነት ራሱ እያንዳንዱ ባለሙያ በአካባቢው ካገኘው እህልና ቅጠል ጋር የራሱን ሙከራ ሲያደርግ መኖሩን ያመለክታል።

ጥላሸት በብርሃን አይደበዝዝም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ከብረትና ከእንጨት እባጭ የሚወጣው ቀለም ገጹን እየበላ መጽሐፍ ሲያበላሽ፥ የጥላሸት ቀለም ግን ገጹን አይበላም። ጉድለቱ በገጹ ላይ ተቀምጦ የሚቀር እንጂ ወደ ውስጥ የማይዘልቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እርጥበት ከነካው ይለቃል። በአንጻሩ ይኸው ጠባይ ለእርማት ይጠቅማል፤ የተሳሳተው ቃል ወይም መሥመር በቢላዋ ጫፍ ተፍቆ ስፍራው ተለስልሶ እንደገና ይሠራበታል።

ቀዩ ቀለም የእግዚአብሔርን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፥ እንዲሁም የምዕራፍ መጀመሪያዎችን ለመጻፍ ያገለግላል። ጸሐፊው ሁለቱን ቀለሞች በየቀንዳቸው አድርጎ፥ ለእያንዳንዱም የራሱን የመቃ ብርዕ ይዞ ይቀመጣል። መሥመሩን የሚያሰምረው በቀለም ሳይሆን በስለት ወይም በወስፌ ነው፤ በገጹ ጠርዝ ቀዳዳ ያደርግና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ይጭረዋል።

ስለ ሥዕሉ ቀለሞችና ስለሚሰጡት ምስክርነት

ሥዕሉ ሲሠራ አስቀድሞ ንድፉ በቀጭን መሥመር ይወጣል፥ ቀጥሎ ሰፋፊው ስፍራ በየቀለሙ ይሞላል፥ በመጨረሻም ፊት፥ ጣትና የልብስ እጥፋት በጥቁር መሥመር ይጸናል። ይህን ቅደም ተከተል በግልጽ የሚያሳዩት ሳይፈጸሙ የቀሩ ሥዕሎች ናቸው፤ ስለዚህም ያልተፈጸመ ሥዕል ለተመራማሪ ከተፈጸመው ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

በልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የኢትዮጵያ ብራናዎች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ፥ ከጥላሸት ሌላ ሲናባር የተባለው የሜርኩሪና የድኝ ቀይ፥ ኦርፒመንት የተባለው የአርሴኒክ ቢጫ፥ ከተክል የሚወጣው ሰማያዊ ኢንዲጎና የልዩ ልዩ አፈር ቀለሞች ተገኝተውባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በንግድ ከሩቅ አገር የሚመጡ ስለነበሩበት፥ ሠዓሊው በእጁ የገባችውን ጥቂት መጠን በቁጠባ ለመጠቀም ይገደድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የአረንጓዴው ነገር ነው። በተመረመሩት ሥዕሎች ውስጥ አረንጓዴው ብዙ ጊዜ የኢንዲጎና የኦርፒመንት ድብልቅ ሆኖ ተገኝቷል። አንደኛው ከቅጠል የወጣ ነው፥ ሁለተኛው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ክብደታቸው፥ ውኃ የሚጠጡበት ልክና ሙጫ የሚሹበት መጠን የተለያየ ነው። ድብልቁ ሳይለያይ በቆዳ ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ልክ ማግኘት የሚቻለው ደጋግሞ በመሞከር ብቻ ነው። ተመልካቹ የአንድ መልአክ አረንጓዴ ልብስ ብሎ የሚያልፈው ነገር፥ በሠዓሊው በኩል ሲታይ ረዥም የሙከራ ውጤት ነው።

የቀለም ዕውቀት ዘመንን ለመለየትም ይረዳል። በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ የተገኘው በ1828 እ. ኤ. አ. በመሆኑ፥ በአንድ መጽሐፍ ሥዕል የመጀመሪያ ቅብ ውስጥ ይህ ቀለም ከተገኘ ሥዕሉ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም። የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለውም በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በበርሊን የተገኘ ስለሆነ በዚሁ ዓይነት ያገለግላል። ይሁን እንጂ በኋላ ዘመን የተደረገውን ማደስ ከመጀመሪያው ቅብ መለየት ያስፈልጋል። ጸሐፊዎች ለሥዕል ባዶ ስፍራ ትተው፥ ሥዕሉ ከብዙ ዘመን በኋላ የገባባቸው መጻሕፍትም አሉ። የጽሑፉን ዘመን ለሥዕሉ፥ የሥዕሉን ዘመን ለጽሑፉ መስጠት ስሕተት የሚያመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀለም ከሌለው አርአያ ቀለም ስለ ማውጣት

ሠዓሊው አርአያ ይገለብጣል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በጎንደር ዘመን የተደረገ አንድ ነገር በሚገባ ያስረዳል። በ1590ና በ1591 እ. ኤ. አ. በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመው ወንጌል ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የወንጌል ሠዓሊዎች ከእርሱ ብዙ ገልብጠዋል።

የሮሙ መጽሐፍ ሥዕሎች በእንጨት ተቀርጸው በጥቁር ብቻ የታተሙ ነበሩ፤ ጥላውና ርቀቱ የሚታወቀው በተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች ነው። የኢትዮጵያው ሠዓሊ በእጁ የነበረው መቃ፥ ብሩሽ፥ ሲናባር፥ ኢንዲጎና ኦርፒመንት ነበር። ስለዚህ ጭረቱን ትቶ ስፍራውን በሰፊ ቀለም ሞላው፤ የልብሱን፥ የሰማዩንና የግድግዳውን ቀለም ራሱ መወሰን ነበረበት፤ ከሥዕሉ በላይም ብዙ ጊዜ «ዘከመ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መግለጫ በግዕዝ ጻፈበት። የሰዎቹ አቋቋም ከሮም የመጣ ቢሆንም፥ ሥዕሉ በቆዳና በቀለም የኢትዮጵያ ሥዕል ሆኖ ወጣ። መገልበጥ የተባለው ሥራ አንድን ነገር ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ማሻገር እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ስለ እንጨት፥ ስለ ጨርቅና ስለ ክታብ

ይኸው ባለሙያ እጁን በብራና ብቻ አይወስንም። በእንጨት ላይ ሲሠራ እንደ ዋንዛ ያለውን ጣውላ ይጠርብና ነጭ መሬት በሙጫ አድርጎ ይቀባዋል፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በዚህ ነጭ መሬት ላይ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1434 እስከ 1468 እ. ኤ. አ. የሠራው ፍሬ ጽዮን ስሙን ትቶ ያለፈው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእንጨት ሥዕል ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚታየውም ሥዕል ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ ነው። ጨርቅ፥ እንጨትና ቆዳ እያንዳንዳቸው ቀለም የሚቀበሉበት ጠባይ ስለሚለያይ፥ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገር ሠዓሊ ሙጫውንና መሬቱን እንደገና መፈተን አለበት።

ደብተራው የሚሠራው ክታብም ከዚህ ሊነጠል አይገባም። ክታብ ከረዥም ጠባብ ብራና ይሠራል፤ ርዝመቱም እንደ ልማዱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል። ቁርጥራጩ ብራና በጠፍር ተያይዞ ይሰፋል፤ በላዩም ጸሎቱ ይጻፋል፥ ዓይን የበዛበት ጠልሰም ይሣልበታል። በጥቂት ቀለም፥ በአብዛኛው በጥቁርና በቀይ ብቻ፥ ጠባቡን ስፍራ እየከፋፈሉ መሙላት የክታብ ሠዓሊው ልዩ ብልሃት ነው። ይህ ብልሃት በኋለኛው ዘመን ለዘመናዊው ሥዕል ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚህ በታች ይታያል።

ስለ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ሙከራ

በ1950 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ተማሪው ከዚያ በኋላ በቱቦ የተዘጋጀ የዘይት ቀለምና በፋብሪካ የተሠራ ሸራ አገኘ። በዚህም አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ፤ ቀለም መፍጨት፥ ሙጫ መቀቀልና ቆዳ መፋቅ የሠዓሊው ሥራ መሆናቸው ቀረ።

ይሁን እንጂ ከዚያው ከአዲሱ ትውልድ ውስጥ ወደ ዕቃው ምርመራ የተመለሱ ተነሡ። በለንደንና በፓሪስ የተማረው፥ በ1966 እ. ኤ. አ. ወደ አገሩ ተመልሶ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 እ. ኤ. አ. የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» የተባለውን ሥዕል ያደረገው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው፤ ሥዕሉም በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ኋላም በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በብራናና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል። በ1992 እ. ኤ. አ. በዳካር በተደረገው ዐውደ ርእይ የተሸለመው ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣቂዎችን ጎን ለጎን እያያያዘ፥ በቆዳም እየሠራ፥ የክታብን ረዥምና ጠባብ መልክ ወደ አዲስ ሥዕል አምጥቷል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ኤልያስ ስሜ ደግሞ አስቀድሞ በክርና በቁልፍ፥ ቀጥሎም ከመርካቶ በሚሰበሰብ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ክፍል ትላልቅ ሰሌዳዎችን ይሠራል።

የእነዚህ ሠዓሊዎች ሐሳብና ስልት እርስ በርሱ የተለያየ ነው። የሚያስተባብራቸው አንድ ነገር በአጠገብ የተገኘውን ዕቃ አንሥቶ ምን ሊሸከም እንደሚችል መፈተን ነው። በዚህ በኩል ከተመለከቱት የጥላሸቱን ቀለም ለወራት ከሚያማስለው ጸሐፊ እምብዛም አይርቁም።

በሐዋሳ ለሚደረግ ምርመራ

ይህን የመሰለ ምርመራ በጥንታዊ ገዳማት አካባቢ ብቻ የሚደረግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንደ ሐዋሳ ባለ በ1952 ዓ. ም. በተመሠረተ አዲስ ከተማም ጥያቄው ቦታ አለው። ሐዋሳ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ መናኸሪያ የተባለው ክፍለ ከተማዋም ስሙ እንደሚያስረዳ ከመንገደኛና ከጭነት መገናኛ ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሚሠራ ሠዓሊ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፤ አንደኛው ምድሩ የሚያበቅለውና የሚያወጣው፥ ሁለተኛው በመኪና ተጭኖ የሚመጣውና የሚጣለው ነው።

ከምድሩ ወገን፥ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ባለው በኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ ባልጩትና ብራና ለማለስለስ የሚያገለግለው ዓይነት ቀላል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ይገኛል። በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ይበቅላል፤ የእንሰት ቃጫና የደረቀ የኮባ ቅጠልም የአካባቢው የዘወትር ዕቃዎች ናቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞና በኮንሶ ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚፍቁ ባለሙያዎች መኖራቸው፥ በኮንሶም ይህ የሴቶች ሥራ መሆኑ በተመራማሪዎች ተገልጿል፤ እንግዲህ ስለ ቆዳ ያለው ዕውቀት የሰሜን ብቻ አይደለም። ከጭነቱ ወገን ካርቶን፥ ማዳበሪያ ከረጢት፥ የቤት ቀለምና ሽቦ አለ። ቃጫ ሙጫ ምን ያህል ይጠጣል፥ ካርቶን በሐይቅ ዳር እርጥበት ስንት ክረምት ይችላል፥ የአካባቢው ቀይ አፈር ከየትኛው ሙጫ ጋር ይስማማል የሚሉት ጥያቄዎች በጥቂት ወጪ ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸው።

መመዝገብ ስለሚገባው ነገር

በዚህ ረገድ ለተማሪዎች የሚቀርበው ሥራ ሁለት ወገን አለው። የመጀመሪያው በየገዳሙና በየደብሩ ካሉት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ዘንድ ቀርቦ፥ የሚጠቀሙበትን ቅጠል፥ አፈርና ሙጫ በአካባቢው ስም መመዝገብ፥ ከቅጠሉም ናሙና ለዕፀዋት ሊቅ ማሳየት ነው። አንድ ቅጠል በአንዱ አገር አንድ ስም፥ በሌላው ሌላ ስም ስላለው፥ ስሙ ብቻውን አይበቃም። የብልላቱ ጊዜ በስንት ወር እንደሚፈጸም፥ በበጋና በክረምት ምን ልዩነት እንዳለው፥ ባለሙያው ቀለሙ መድረሱን በምን እንደሚያውቅ፥ ሲበላሽበትም ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይገባል። የተሳካው አሠራር ብቻ ሲመዘገብ ዕውቀቱ በግማሽ ይቀራል፤ የተበላሸው ሙከራ የተሳካውን ምክንያት ያስረዳልና።

ሁለተኛው በከተማ የሚሠሩትን ሠዓሊዎች ይመለከታል። ሠዓሊው ሥዕሉን ሲሸጥ የሙከራ ቁርጥራጩን ይጥለዋል። በቁርጥራጩ ጀርባ የቀለሙ፥ የሙጫውና የመሬቱ ዓይነት ከቀኑ ጋር ቢጻፍ፥ ሥዕሉ ከዓመታት በኋላ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደበዝዝ የሚጠግነው ሰው መነሻ ያገኛል። የካርቶንና የፋብሪካ ቀለም ዕድሜ ከብራናና ከጥላሸት ዕድሜ ጋር የማይተካከል ሊሆን ስለሚችል፥ ይህ ጥንቃቄ ለአዲሱ ሥዕል ከጥንቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የቀድሞው ጸሐፊ ብርዑን የፈተነበትን ቅጠል ከመጽሐፉ ጋር ጠርዞ በመተዉ፥ ዛሬ እጁ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ጥቂት ማወቅ ተችሏል። የዛሬው ሠዓሊና የዛሬው ተመራማሪም የሙከራውን ቅጠል ከሥራው ሳይለዩ ቢያቆዩ፥ ለሚመጣው ትውልድ ከተፈጸመው ሥዕል ጋር የአሠራሩን መንገድ ያስረክባሉ።